ከንድፉ በፊት ወረቀቱን እንጠይቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የኅትመት አገልግሎት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መጥቷል። መጽሔት እናሳትማለን፤ የመዝሙር ጥራዝ እናዘጋጃለን፤ ለወርኀዊ ጉባኤ በራሪ ወረቀት፣ ለንግሥ በዓል ባነር፣ ለምሥረታ በዓል የጥሪ ካርድ እናሠራለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ትምህርቱ በዐውደ ምሕረት ከተሰማ በኋላ በየቤቱ እንዲነበብ ማድረግ የቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ትጋት ነው። ነገር ግን በዚህ አገልግሎት ውስጥ ሳናስተውለው የሚያልፍ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የወረቀት ልክ ነው።

በብዙ ቦታ ልማዳችን እንዲህ ነው። የሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ጽሑፉን ይሰበስባል። ንድፍ የሚችል ወንድም ወይም የምትችል እኅት ለዓይን ደስ ባለ መጠን ገጹን ይሠራሉ። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉ በፍላሽ ተይዞ በሁለትና በሦስት ማተሚያ ቤቶች ይዞራል፤ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ዋጋው ሲያስደነግጥ ገጽ ይቀነሳል፤ ወይም ምእመናን ተጨማሪ እንዲረዱ በዐውደ ምሕረት ይለመናል። ወረቀቱ በምን ስፋት እንደሚመጣ የሚጠየቀው፣ ከተጠየቀም፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። የወረቀቱን ልክ ሳያውቁ ንድፍ መጀመር የሙያ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በአደራ ገንዘብ ላይ የሚፈጸም ቸልተኝነትም ነው። ይህን የምንለው ወረቀቱ የሚገዛበት ገንዘብ የማን እንደ ሆነ ስለምናውቅ ነው። ከሙዳየ ምጽዋት የወጣ ነው፤ ከወጣቱ ወርኀዊ መዋጮ፣ ከእናቶች መቀነት የተፈታ ነው።

ብራናውን የሚያውቅ ጸሐፊ

ቁም ጸሐፊዎች አባቶቻችን መጽሐፍ ሲጽፉ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከቀለሙ ሳይሆን ከቆዳው ነበር። የፍየሉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ስንት ቅጠል እንደሚወጣው ታይቶ ይቆረጣል፤ ይታጠፋል፤ ጥራዝ ይሆናል። ብዕር ከመነሣቱ በፊት ኅዳጉና መስመሩ በወስፌ ተወግቶና ተሰምሮ ያልቃል። በቆዳው ላይ ቀዳዳ ቢገኝ እንኳ ቅጠሉ አይጣልም፤ ወይ በክር ይሰፋል፤ ወይ ጸሐፊው ቀዳዳውን ዞሮ ይጽፋል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ያሉትን ብራናዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

አባቶች እንዲህ ያደረጉት ስስታም ስለ ነበሩ አይደለም። አንድ መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ እንደሚጠይቅ በእጃቸው ስለሚያውቁት ነው። እኛ ግን ንድፉን የምንሠራው በኮምፒውተር መስኮት ላይ ነው። በመስኮቱ ላይ ያለው ነጭ ቦታ ዋጋ የለውም፤ ቢሰፋም ቢጠብም ማንም አይከፍልበትም። ዋጋው የሚታየው በማተሚያ ቤቱ መቁረጫ ማሽን ሥር ነው፤ በዚያ ደግሞ ብዙዎቻችን ቆመን አናይም።

ወረቀት በምን ልክ ይመጣል?

በየዕለቱ የምንጠቀምበት ኤ4 ወረቀት በዘፈቀደ የተቆረጠ አይደለም። በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጀርመን የወጣው፣ በ1975 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው የ«ኤ» ተርታ አባል ነው። የተርታው መነሻ ኤ0 ሲሆን 841 በ1189 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር ነው። ኤ0 ለሁለት ሲከፈል ኤ1፣ ኤ1 ለሁለት ሲከፈል ኤ2 እያለ ይወርዳል። ወርዱና ቁመቱ የተመጠኑት ምንጊዜም ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ እንዳይለወጥ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ኤ4 ተጣጥፎ ኤ5 የመዝሙር ጥራዝ ይሆናል፤ ምንም አይተርፍም፤ ምንም አይጎድልም። 16 ኤ4 ወረቀቶች ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ይሞላሉ፤ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ከሆነ እያንዳንዱ ኤ4 5 ግራም ይመዝናል ማለት ነው።

ማተሚያ ቤት ግን የሚያትመው በኤ4 ላይ አይደለም። በኦፍሴት ማሽን የሚገባው ወረቀት ትልቅ ነው፤ ከተለመዱት ልኮች መካከል 61 በ86፣ 64 በ90 እና 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ይገኛሉ። በዚህ ሙሉ ወረቀት ላይ ብዙ ገጾች ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ከዚያ ይታጠፋሉ፤ ይሰፋሉ፤ ይቆረጣሉ። ሆኖም የወረቀቱ ሁሉም ቦታ አይታተምበትም። ማሽኑ ወረቀቱን ጨብጦ የሚስብበት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ይቀራል። ቀለሙ እስከ ገጹ ዳር የሚደርስ ከሆነም ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይታይ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ቀለም መሰጠት አለበት።

በሰሜን አሜሪካ ያሉ አጥቢያዎቻችን ደግሞ ሌላ ልክ ይጠቀማሉ። በዚያ የተለመደው «ሌተር» የተባለው ወረቀት 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኤ4 ይሰፋል፣ ያጥራል። ከበይነ መረብ የሚወርዱ ብዙ ዝግጁ ንድፎችም በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ሠርቶ የላከው ገጽ በአገር ቤት በኤ4 ሲታተም ወይ ወርዱ ይቆረጣል፤ ወይም አንሶ ታትሞ ከላይና ከታች በድምሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተዋል። በአንድ ልብ የሚያገለግሉ ሁለት አጥቢያዎች በአንድ ወረቀት ላይ የማይስማሙት አስቀድመው ስላልተጠያየቁ ብቻ ነው።

የአንድ ሴንቲ ሜትር ዋጋ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ከሽፋኑ ሌላ 48 የውስጥ ገጾች ያሉትን መጽሔት በ2000 ቅጂ ሊያሳትም አስቧል እንበል። ንድፉን የሠራው ወንድም ለየት እንዲል ብሎ ጎኖቹ እኩል የሆኑ፣ 21 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ መረጠ። ማተሚያ ቤቱ ያለው ወረቀት 64 በ90 ነው። በየጎኑ የሚቆረጠው 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመር ገጹ 21.6 ይሆናል። በ90ው በኩል አራት ገጽ ይገባል። በ64ቱ በኩል ግን ሦስት ገጽ 64.8 ስለሚፈልግ አይገባም፤ የሚገባው ሁለት ብቻ ነው። በወረቀቱ አንድ ፊት 8፣ በሁለቱም ፊት 16 ገጽ ሆነ ማለት ነው። ከወረቀቱ 39 በመቶ የሚሆነው መጽሔት ሳይሆን ቁርጥራጭ ይሆናል። የሚያስገርመው፣ በዚያው ወረቀት ላይ የኤ4 መጽሔትም በአንድ ፊት 8 ገጽ ያወጣል። እኩል ጎን ያለው ገጽ ከኤ4 ወደ 30 በመቶ በሚጠጋ ያነሰ ሆኖ ሳለ እኩል ወረቀት ይበላል።

አሁን ከወርዱም ከቁመቱም 1 ሴንቲ ሜትር እንቀንስ፤ ገጹ 20 በ20 ይሁን። ትርፉ ሲጨመር 20.6 ነው፤ ሦስቱ 61.8 ስለሚሆን የማሽኑ መያዣ ጠርዝ ተቀንሶለት እንኳ በ64ቱ ላይ ይገባል። በአንድ ፊት 12፣ በሁለቱ ፊት 24 ገጽ ይታተማል። ቁርጥራጩ ከ39 ወደ 17 በመቶ ይወርዳል።

ሒሳቡን እንጨርሰው። በመጀመሪያው ልክ ለአንድ መጽሔት 3 ሙሉ ወረቀት ሲያስፈልግ በሁለተኛው 2 ይበቃል። ለ2000 ቅጂ 6000 የነበረው 4000 ይሆናል። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ከሆነ የዳነው 2000 ሙሉ ወረቀት 92 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስፋቱ በኤ4 ሲታሰብ ከ36 ደስጣ ይበልጣል። ለሕፃናት ክፍል የመልመጃ ወረቀት አጥተን የምንቸገር ስንቶቻችን ነን? ከዚህም ሌላ በአራት ቀለም ለሚታተም ለእያንዳንዱ የወረቀት ፊት አራት ፕሌት ስለሚዘጋጅ 24 የነበረው ፕሌት 16 ይሆናል፤ ማሽኑ ቀለሙን እስኪያስተካክል ድረስ የሚበላሸው ወረቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንባቢው መጽሔቱን በእጁ ሲይዝ የጎደለችውን 1 ሴንቲ ሜትር አያስተውላትም።

ይህ ማለት 20 በ20 የተቀደሰ ልክ ነው ማለት አይደለም። ማተሚያ ቤቱ 70 በ100 የሆነ ወረቀት ቢኖረው 21ም፣ 22 እንኳ ሳይቀር በአንድ ፊት 12 ገጽ ያወጣል። ትክክለኛው ልክ በአሳታሚው ልብ ወይም በንድፍ ሠሪው መስኮት ውስጥ አይገኝም፤ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ካለው ወረቀት ጋር ተመዝኖ ይገኛል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታችን በምሳሌ ማስተማሩን (ሉቃ. 14፥28) ስለ ሌላው ሥራችን ደጋግመን እናነሣለን፤ ስለ መጽሔታችንም ይሠራል።

ገጽ፣ ቅጂና ባነር

ብክነት በስፋት ብቻ አይመጣም፤ በገጽ ቁጥርም ይመጣል። በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት አንዱ ታጣፊ ወረቀት አራት ገጽ ስላለው ገጾቹ በ4 የሚካፈሉ መሆን አለባቸው። 50 ገጽ ጽሑፍ ያለው መጽሔት 52 ሆኖ ይታተማል፤ ሁለቱ ባዶ ገጾች ተከፍሎባቸዋል። በ16 ገጽ ጥራዝ የሚታጠፍ መጽሐፍ 66 ገጽ ከሆነ ለሁለት ገጽ ሲባል ሌላ ጥራዝ ይጀመራል። ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን አርሞ በ64 መጨረስ የአርታኢው ድርሻ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ቁጥሩን አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የቅጂ ብዛት ነው። በኦፍሴት ኅትመት የፕሌቱና የማሽን ዝግጅቱ ወጪ ቅጂው ቢበዛም ቢያንስም አንድ ስለሆነ ቅጂ በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። «ከ1000 ይልቅ 3000 ብናሳትም ይረክሳል» የሚለው ምክር የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ከ3000ው 1000 ብቻ ከተሸጠ የረከሰው ነገር የለም። የቀረው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ርጥበት ይበላዋል፤ አይጥ ይቆረጥመዋል፤ ቀጥሎ የተመረጠው ሥራ አስፈጻሚም የት እንደሚያደርገው ይጨነቃል። የአንባቢውን ቁጥር መቁጠር ዋጋ ከማወዳደር ይቀድማል።

ባነርም እንዲሁ ነው። ለአንድ ቀን በዓል ታስቦ በላዩ ዓመተ ምሕረቱና የእንግዶች ስም የታተመበት ትልቅ ፕላስቲክ በማግሥቱ ጥቅም የለውም፤ የማይበሰብስ በመሆኑም ለዓመታት ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የበዓሉ ስምና ንድፉ ያለ ዓመተ ምሕረት ቢታተም፣ የዓመቱ መረጃ ብቻ በትንሽ ቁራጭ ቢጨመር፣ ባነሩ ለብዙ ዓመት ባገለገለ ነበር። ወርዱንም ማተሚያው ካለው ጥቅል ስፋት ጋር ማስማማት ተቆርጦ ለሚጣል ፕላስቲክ ከመክፈል ያድናል።

ቅዱሳት ሥዕላት በመቁረጫ ሥር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብ ነው። ለእኛ ግን ከገንዘብ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። በኅትመቶቻችን ላይ የጌታችን፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ሥዕላት ይወጣሉ። የገጹ ልክ አስቀድሞ ሳይታወቅ የተሠራ ንድፍ በመጨረሻ ሰዓት ሲጠብ ወይም ሲቆረጥ የሚነካው ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ያለው ሥዕል ነው። የመልአኩ ክንፍ፣ የቅዱሱ አክሊለ ብርሃን፣ የሚባርከው እጅ ተቆርጦ የወጣባቸውን በራሪ ወረቀቶች ያላየ የለም። የተቆረጠው ቁራጭ የት እንደ ወደቀም ሁላችን እናውቃለን።

ከሚያስፈልገው በላይ የታተመ በራሪ ወረቀትም መጨረሻው ያው ነው። በንግሥ በዓል ማግሥት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዙሪያ ሥዕለ ማርያም ያለበት ወረቀት በእግር ሲረገጥ፣ በሱቅ ዕቃ ሲጠቀለልበት እናያለን። በመቅደስ ውስጥ ያለውን ሥዕል በመጋረጃ የምንከልል፣ ተሳልመን የምናልፍ ሰዎች ተመሳሳዩን ሥዕል በሺህ ቅጂ መንገድ ላይ መበተናችን ሊያሳስበን ይገባል። ለአንድ ሳምንት ጉባኤ ማስታወቂያ ቦታውና ሰዓቱ ይበቃል፤ ሥዕሉ ተጠብቆ ለሚቀመጥ ኅትመት ይቆይ።

ለእግዚአብሔር ቤት ይቆጠባልን?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ክቡድ ነው። «ለእግዚአብሔር ቤት ሲሆን መቆጠብ ይገባልን? በቢታንያ በጌታችን ላይ ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት እንደ አባካኝ የቆጠራት ይሁዳ አይደለምን?» (ዮሐ. 12) የሚል ነው። ልብ እንበል፤ ሽቱው የፈሰሰው በጌታ ላይ ነው፤ ቤቱም በመዓዛው ተሞልቷል። ከመጽሔታችን ዳር ተቆርጦ የሚወድቀው ወረቀት ግን ለማንም አልፈሰሰም፤ ማንም አላነበበውም፤ መዓዛም የለውም። ለቅዱሳት ሥዕላት ጥራት ያለው ቀለም፣ ለትርጓሜ መጽሐፍ ዘመን የሚሻገር ወረቀት መምረጥ ቢያስወጣም ተገቢ ነው። በገጹ ውስጥ ለዐይን ዕረፍት የሚሆን ሰፊ ኅዳግ መተውም ብክነት አይደለም፤ አንባቢውን ያገለግላልና። ማንንም የማያገለግለው ከገጹ ውጭ የቀረው ነጭ ነው። በእርሱ ላይ የምንቆጥበውን በሌላው ላይ በልግስና ማፍሰስ እንችላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከንድፍ ባለሙያዎች የሚመጣ ነው፤ «ልክ አስቀድሞ ከተወሰነ የፈጠራ ነጻነት ይጠፋል» ይላሉ። የቅኔ ቤት ልጆች ይህን ቢሰሙ ይደነቃሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ልኩም ዜማውም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ባለቅኔው ግን በዚያች ጠባብ ስፍራ ሰምና ወርቅ ያስገባል። ልኩ ጥበቡን አላሰረውም። ወረቀቱን ዐውቆ የሚነድፍ ወጣትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ጽሑፍ ከመሰብሰቡ ጋር አብሮ ወደ ማተሚያ ቤት ሰው ይላክ። የሚጠየቁትም ሦስት ናቸው፤ ያላችሁ ሙሉ ወረቀት በምን ልክ ነው? ማሽናችሁ ምን ያህሉን ያትማል? እኛ በምናስበው መጠን በአንድ ወረቀት ስንት ገጽ ይወጣል? ልምድ ያለው አታሚ ይህን በጥቂት ደቂቃ ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜም የተሻለ ልክ ራሱ ይጠቁማል።

ቀጥሎም የተወሰነው ልክ፣ የገጽ ቁጥሩና የቅጂው ብዛት በክፍሉ ቃለ ጉባኤ ይስፈር። ንድፍ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ይሁን። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብም ሁሉም ማተሚያ ቤቶች በአንድ ልክ ዋጋ እንዲሰጡ ያስችላል፤ ለሰበካ ጉባኤው የሚቀርበው ሪፖርትም ግልጽ ይሆናል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ዋና ዋና ሥዕላትና ጽሑፎች ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። ዳር ድረስ መድረስ ያለበት የጀርባ ቀለም ብቻ ይሁን።

በመጨረሻም፣ ሊቀር የማይችለው ትርፍ ሥራ ይሰጠው። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ የመጽሔቱ ሽፋን በወፍራም ወረቀት ሲታተም በአንድ ሙሉ ወረቀት ላይ 6 ሽፋን ይገባል፤ ለ2000 ቅጂ 334 ወረቀት ያስፈልጋል። በየወረቀቱ ዳር ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቁራጭ ይተርፋል። በዚያ ላይ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 4 ዕልባቶች አብረው ቢታተሙ ያለ ተጨማሪ ወረቀትና ያለ ተጨማሪ ፕሌት 1336 ዕልባት ይገኛል። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን፣ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ የጉባኤ ሰዓት ተጽፎበት ለሕፃናት ቢታደል የሚጣለው ወረቀት አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ የተረፈው እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞልቷል (ዮሐ. 6)። ከጥቂቱ ብዙ ማድረግ የሚቻለው አምላክ ቍርስራሹን ካልናቀ፣ ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት የምንቀበል እኛ ልንንቀው አይገባንም። በዚህ ዓመት መጽሔት ለማሳተም የምታስቡ ሁሉ የመጀመሪያው ስብሰባችሁ አጀንዳ ርእስ መምረጥ ብቻ አይሁን፤ ማስመሪያም ይዛችሁ ግቡ።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።